እንገር፣ ወተትና የሰውነታችን ዘብ

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ በኩልመስክ የእንስሳት እርባታ የልማት ሠራተኛ የቀረበ ንግግር)



በየቀበሌው ስዞር «ወተት ለታማሚ ይስማማል ወይ? ቁስል አያመግልም ወይ?» የሚል ጥያቄ ይቀርብልኛል። መልሱን ከእንገር ልጀምር።

ጥጃ ከእናቱ ማኅፀን በሽታ የሚከላከል አንቲቦዲ ይዞ አይወጣም፤ የላም እንግዴ ልጅ አያሳልፍለትም። የሚያገኘው ከእንገር ነው። አንጀቱም አንቲቦዲውን ሳይፈጭ ወደ ደሙ የሚያሳልፈው እስከ 24 ሰዓት ያህል ብቻ ሲሆን በየሰዓቱ እየቀነሰ ይሄዳል። ስለዚህ በተወለደ በ6 ሰዓት ውስጥ የክብደቱን አንድ አሥረኛ፣ 20 ኪሎ ከሆነ 2 ሊትር ያህል ይጥባ። እንግዴ ልጁ እስኪወርድ መጠበቅ አያስፈልግም።

የሰው ልጅ ከእናቱ ደም የተወሰነ አንቲቦዲ ይዞ ይወለዳል። አንጀቱንና ጉሮሮውን የሚጠብቅለት ግን የእናቱ የመጀመሪያ ቢጫ ወተት ነው። ጥጃው እንገር እንዳያመልጠው የምንቸኩል ሰዎች፣ የእናትን እንገር አፍስሰን ለአራስ ልጅ ቅቤ ማዋጣችን ሁልጊዜ ይገርመኛል። ይህን ልማድ እዚሁ ሰሜን ወሎ፣ ራያ ቆቦ የተደረገ ጥናት ጭምር መዝግቦታል። ዓመት ላልሞላው ሕፃንም የላም ወተት የእናት ጡት ምትክ አይሆንም።

ወደ ቁስሉ እንመለስ። ቁስል ሲቀላና ሲያብጥ ነጭ የደም ሕዋሳት እየተዋጉ ነው፤ ይህ ብግነት ይባላል። በወተት ውስጥ ያለው ላክቶፌሪን የተባለ ፕሮቲን ብረትን ይዞ ተህዋስያንን ያስርባል። በቅቤ ውስጥ ያለው ቡቲሪክ አሲድም የአንጀትን ተከላካይ ሕዋሳት ያረጋጋል፤ ይህን አሲድ አንጀታችን ራሱ ከጥራጥሬ አሰር በብዛት ያገኛል። በአዋቂዎች ላይ የተደረጉ ሙከራዎች ሲጠቃለሉ ወተት ብግነትን እንደማያባብስ ያሳያሉ። አለርጂ ያለበት ሰው ግን ይከልከል። ሆድ የሚነፋው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የወተት ስኳር ስለማይፈጭለት ነው፤ እርጎ ይቀለዋል።

«ጥሬ ወተት ይበልጣል» የምትሉም አላችሁ። በጀርመን፣ በኦስትሪያና በስዊዘርላንድ ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት ጥሬ ወተት የሚጠጡ የገበሬ ልጆች አስም እንደሚያንሳቸው አሳይቷል፤ በፈላ ወተት ግን ይህ አልታየም። ይሁንና ጥሬ ወተት የከብት ነቀርሳንና ብሩሴሎሲስን ያስተላልፋል። ለእኛ ከብቶች ይህ ሥጋት ቅርብ ነው፤ ስለዚህ አፍሉት። ዕቃውን በወይራ ማጠናችሁንም ቀጥሉ፤ የማፍላትን ቦታ ግን አይተካም።