መዝገባችን ኮምፒዩተር ከገባ ወዲህ
(በእድራችን ዓመታዊ ስብሰባ የተደረገ ንግግር)



እኛ መዝገብ ቤት ያረጀን ሰዎች ስለ ኮምፒዩተር ብንናገር አይግረማችሁ፤ መዝገብ ያው መዝገብ ነው። ባለፈው ክረምት አንዲት እናታችን ባለቤታቸውን ቀብረው የእድሩን ገንዘብ ሊቀበሉ ቢመጡ «የሟቹ ስም የለም» ተብለው ሦስት ቀን ተንገላቱ። ለካስ የተመዘገበው «ኃይሉ» ተብሎ ኖሮ፣ ልጃችን የፈለገው «ሀይሉ» ብሎ ነው። ለጆሯችን አንድ የሆነው ለኮምፒዩተር ሁለት ሰው ነው። ስለዚህ የሚከተለው ይደረግ እንላለን።

1ኛ/ ከስማዳም ከእስቴም መጥተን ነፋስ መውጫ የከተምን ነንና ሞክሼው ብዙ ነው። እያንዳንዱ አባል የማይለወጥ ቁጥር ይሰጠው፤ የወጣ አባል ቁጥርም ለሌላ አይሰጥ። የአያት ስምም አይቅር።

2ኛ/ ሀ፣ ሐና ኀ፣ ሰና ሠ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀ ሲፈለጉ እንደ አንድ እንዲቆጠሩ ኮምፒዩተሩ ይታዘዝ።

3ኛ/ ቀን ሁሉ በኛ አቆጣጠር ይሁን። ለፈረንጅ ዘመን የተሠራ ፕሮግራም 13ኛ ወር አያውቅምና ጳጉሜን እንዳይጥልብን ይፈተሽ።

4ኛ/ ብዙ ስም በአንድ ትእዛዝ ከማረም በፊት ግልባጭ ይወሰድ፤ ትእዛዙም መጀመሪያ በግልባጩ ላይ ይሞከር። ሌላ ግልባጭ ደግሞ ከኮምፒዩተሩ ርቆ በሌላ ቤት ይቀመጥ።

ኧረ ለመሆኑ፣ ሐዘንተኛ በፊደል ምክንያት ደጅ ይጠናል እንዴ?