ነፋስን ስለ መሸጥ
(በትምህርት ቤታችን በዓል ላይ በመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)



በዚህ በዓል ልንናገርበት የመረጥነው ጉዳይ የነፋስ ንግድ ነው። ነፋስ ደግሞ ይሸጣልን? ብሎ የሚስቅ ቢኖር አንፈርድበትም፤ እኛም አስቀድመን ስቀን ነበር። ዘመኑን በኤውሮፓ አቆጣጠር እንናገራለን።

የኦሞ ወንዛችን ከሚገባበት ከቱርካና ሐይቅ በስተ ደቡብ ምሥራቅ፥ በኬንያ ምድር፥ ብርቱ ነፋስ ይነፍሳል። ምክንያቱም በኢትዮጵያ ደጋና በኬንያ ደጋ መካከል ባለው ዝቅተኛ ቦታ ተጨምቆ ስለሚያልፍ ነው። ይህን ያስተዋሉ ጥቂት ሰዎች ኩባንያ አቋቁመው የነፋሱን ፍጥነት ለኩ፤ መሬት በኪራይ ያዙ፤ የኬንያ የመብራት ኩባንያም ኃይሉን ለ20 ዓመት ሊገዛቸው ተዋዋለ።

የንግዱ ምሥጢር እዚህ ላይ ነው። እስከዚህ ድረስ አንድ ምሰሶ አልቆመም፤ አንድ አምፑል አልበራም። ያለው ወረቀት ብቻ ነው፤ የነፋስ መዝገብ፥ የመሬት ሰነድ፥ ፈቃድና የሽያጭ ውል። ባንክ ግን የሚያበድረው ይህን ወረቀት አይቶ ነው፤ አክሲዮን ገዢም የሚገዛው ይህንኑ ነው። ሥራውን እስከዚህ ብቻ አድርሰው ለሌላ ባለ ሀብት ሸጠው የሚሄዱ ኩባንያዎች በዓለም ላይ ብዙ ናቸው። ከመካከላችን አንዱ «ይህማ ድለላ ነው» ቢል፥ ሌላው «ቡቃያውን የሸጠ ገበሬ ደላላ ይባላልን?» ሲል መለሰለት። ክርክሩ እስከ ራት ደወል ድረስ አላለቀም። ብዙዎቻችን ግን ከሁለተኛው ጋር ነን፤ ውሉ ሳይፈረም ቢቀር የዓመታት ወጪው ሁሉ ከጀማሪው ኪስ ይጠፋልና።

በ2014 ብድሩ ተፈረመ፤ በ2017 365ቱ የነፋስ መዘውሮች ቆመው አለቁ። ኃይላቸው በጠቅላላው 310 ሜጋዋት ነው። ነገር ግን ኤሌክትሪኩን የሚወስደው ከ400 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ መሥመር የመንግሥት ድርሻ ነበርና እስከ 2018 ድረስ አልተፈጸመም። መዘውሮቹ ያለ ሥራ ተገትረው ሳለ፥ ውሉ ስለሚያስገድድ፥ መንግሥት ላልደረሰው ኃይል ባለ ዕዳ ሆነ። ጉግል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያም መዘውሮቹን ከሠራው ከቬስታስ 12.5 በመቶ አክሲዮን ሊገዛ በ2015 ተስማምቶ ነበር፤ በመሥመሩ መዘግየት ምክንያት ሽያጩ መፍረሱ በ2020 ተነገረ።

ከሁሉ ይልቅ ያሳሰበን መሬቱ ነው። 150,000 ኤከር የሚሆን የከብትና የግመል አርቢዎች ግጦሽ ነው። በ2021 በሜሩ ያለው የመሬት ፍርድ ቤት ቦታው የተሰጠው ሕጉ የሚያዘውን ሥርዓት ሳይከተል ነው ብሎ ፈረደ። ባንኮች ሁሉ የመረመሩት ወረቀት ነበር!

በአገራችን በ2013 የተመረቀው የአሸጎዳው 120 ሜጋዋት የመንግሥት ስለሆነ እንዲህ ያለ የአክሲዮን ሽያጭ አላጋጠመውም። ወደ ፊት ግን የግል ኩባንያዎች መምጣታቸው አይቀርም፤ ከእኛም ሦስቱ ይህን ሙያ ሊማሩ አስበዋል። ከሦስቱ አንዱ የከብት አርቢ ልጅ ነውና የነፋስ መለኪያው በአባቱ መስክ ላይ ቢተከል ምን እንደሚሆን ጠየቅነው። አባቱ እምቢ እንደሚሉ፥ እርሱ ግን ሥራውን እንደሚፈልገው ነገረን።