የጊዜ መስመር ዕይታ በፕሮጀክት አስተዳደር ሶፍትዌር፦ ከድሬዳዋ ባቡር እስከ ደቻቱ ግንብ

(ለመምህራን፣ ለተማሪዎችና ለከተማው ነዋሪዎች የቀረበ የሕዝብ ንግግር ሙሉ ቃል)



የዛሬው ርእሴ የጊዜ መስመር ዕይታ ነው። በፕሮጀክት አስተዳደር ሶፍትዌር ውስጥ ሥራዎች በግራ በኩል በዝርዝር ተቀምጠው፣ በቀኝ በኩል ደግሞ እያንዳንዱ ሥራ ከመነሻ ቀኑ እስከ መድረሻ ቀኑ በአግድም ተዘርግቶ የሚታይበት ገጽ ማለት ነው። ማይክሮሶፍት ፕሮጀክትም ሆነ ፕሪማቬራ፣ በነጻ የሚገኙት ፕሮጀክትሊብሬና ጋንት ፕሮጀክትም ጭምር ይህን ገጽ ይሰጣሉ። ብዙዎቻችን ዕቅድ አጽድቁልን ስንል የምናቀርበው፣ ተቆጣጣሪ ሲመጣ ግድግዳ ላይ የምንለጥፈው እርሱን ነው። እኔ ግን ዛሬ ላስረዳችሁ የምሻው ይህ ገጽ ሥዕል ሳይሆን ክርክር መሆኑን ነው። «ይህ ሥራ ይህን ያህል ጊዜ ይፈጃል፤ ከዚያኛው በፊት ሊጀመር አይችልም፤ በዚህ ቀን ያልቃል» ብሎ የሚከራከር ሰነድ ነው። ክርክር ደግሞ ማስረጃ ይጠየቅበታል።

በኮምፒውተር አማርኛችን በገጹ ላይ የሚዘረጋውን ዘንግ «አሞሌ» ብለነዋል። ስያሜው መልካም አጋጣሚ ነው። አሞሌ ጨው በአገራችን ለዘመናት የመገበያያ ገንዘብ ሆኖ አገልግሏል። በሶፍትዌሩ ገጽ ላይ ያለው አሞሌም እንዲሁ ገንዘብ ነው፤ በአንድ ሳምንት ሲረዝም የሠራተኛ ደመወዝ፣ የማሽን ኪራይና የብድር ወለድ አብሮ ይረዝማል።

የመሣሪያው አመጣጥ

ፖላንዳዊው መሐንዲስ ካሮል አዳሚየትስኪ እ.ኤ.አ. በ1896 የፋብሪካን ሥራ በጊዜ ቅደም ተከተል የሚያሳይ ሠንጠረዥ ነድፎ «ሃርሞኖግራም» ብሎት ነበር። ሥራው በፖላንድኛና በሩስኛ ብቻ በመውጣቱ ሌላው ዓለም ብዙም አላወቀውም። እ.ኤ.አ. በ1910ዎቹ አሜሪካዊው ሄንሪ ጋንት ተመሳሳይ ሠንጠረዥ አስፋፋና መሣሪያው በእርሱ ስም ተጠራ። የጋንት ሠንጠረዥ ግን አንድ ጉድለት ነበረበት፤ መቼ የሚለውን ያሳያል እንጂ ከምን በኋላ የሚለውን በግልጽ አያሳይም። ይህን የሞሉት እ.ኤ.አ. በ1957 በዱፖንት ኩባንያ የተጀመረው የወሳኝ መንገድ ስሌትና በ1958 የአሜሪካ ባሕር ኃይል ለፖላሪስ ሚሳይል መርሐ ግብሩ ያዘጋጀው ፐርት የተባለው ዘዴ ናቸው። የዛሬው ሶፍትዌር ሁለቱን አጣምሮ ይዟል፤ አሞሌው ከጋንት፣ አሞሌዎቹን የሚያያይዘው ቀስት ከወሳኝ መንገድ የተወረሰ ነው።

የዕቅድ ለውጥ የወለዳት ከተማ

አዳሚየትስኪ ሠንጠረዡን በነደፈ በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1897፣ ከጅቡቲ የባቡር ሐዲድ መዘርጋት ተጀመረ። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1894 ለአልፍሬድ ኢልግ በሰጡት የ99 ዓመት ውል ላይ መስመሩ በሦስት ክፍል ታስቦ ነበር፦ ከጅቡቲ ሐረር፣ ከሐረር እንጦጦ፣ ከእንጦጦ ከፋና ነጭ ዓባይ። በዘመኑ ሶፍትዌር ቢኖር ኖሮ ሦስት ረጃጅም አሞሌዎች በቀስት ተያይዘው ባየን ነበር።

የመጀመሪያው አሞሌ መድረሻውን ቀየረ። ወደ ሐረር የሚያወጣው ተራራማ መሬት ሥራውን ስለሚያከብደውና ወጪውን ስለሚያንረው መስመሩ ከተራራው ግርጌ ባለው ሜዳ እንዲያልፍ ተወሰነ። ሐዲዱ 310 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1902 እዚህ ሲደርስ ቦታው «አዲስ ሐረር» ተባለ። ድሬዳዋ እንግዲህ በዕቅድ ለውጥ የተወለደች ከተማ ናት። ከዚራ በባቡር ኩባንያው መሐንዲሶች በቀጥታ ጎዳና ተነደፈች፤ ከደቻቱ ማዶ መጋላ በነጋዴውና በሠራተኛው እግር ተስፋፋች።

ሁለተኛው አሞሌ ለዓመታት ሳይንቀሳቀስ ቆመ። ያቆመው የድንጋይ ወይም የብረት እጥረት አልነበረም። ኩባንያው ገንዘብ አለቀበት፤ የመስመሩ ባለቤትነት በፈረንሳይ፣ በእንግሊዝና በኢጣሊያ መካከል የፖለቲካ ጥያቄ ሆነ፤ ንጉሠ ነገሥቱም የውጭ መንግሥት እጅ በመስመሩ ላይ መግባቱን ተቃወሙ። ኩባንያው ከሠረ፤ በ1908 አዲስ ውል ተፈረመ፤ ባቡሩ አዲስ አበባ የደረሰው በ1917 ነው። ከጅቡቲ ድሬዳዋ አምስት ዓመት፣ ከድሬዳዋ አዲስ አበባ ወደ አሥራ አምስት ዓመት ማለት ነው። ሦስተኛው አሞሌ ከነጭራሹ አልተጀመረም።

ከዚህ የምንማረው ምንድን ነው? የዚያ ፕሮጀክት ወሳኝ መንገድ በሐዲዱ ላይ አልነበረም፤ በገንዘብ ምንጩና በፈቃዱ በኩል ያልፍ ነበር። የዛሬው ዕቅድ አውጪ ግን ቁፋሮውን፣ ሙሌቱን፣ የኮንክሪት ሥራውን በዝርዝር ጽፎ «የካሳ ክፍያ»፣ «የውጭ ምንዛሪ ፈቃድ»፣ «የመስመር ማዛወር ስምምነት» የሚሉትን ሳያስገባ ይቀራል። በገጹ ላይ የሌለ ሥራ ሊዘገይ የማይችል ይመስላል። እንዲያውም ብዙ ጊዜ የሚያዘገየው እርሱ ነው።

አዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡርም ሌላ ትምህርት ይሰጠናል። መስመሩ በኢትዮጵያ በኩል የተመረቀው መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ነው፤ መደበኛ የንግድ አገልግሎት የጀመረው ታኅሣሥ 23 ቀን 2010 ዓ.ም. ነው። በሁለቱ መካከል ወደ አሥራ አምስት ወር አለ። ታዲያ ፕሮጀክቱ ያለቀው የትኛው ቀን ነው? በሶፍትዌሩ ላይ የአልማዝ ቅርጽ ያለው ምልክት የምናስቀምጥበት ቀን ማን ምን ሲያገኝ እንደሆነ አስቀድመን ካልወሰንን፣ የምረቃ ሪባን የተቆረጠበትን ቀን ለተገልጋዩ እንደ አገልግሎት ቀን አድርገን እንነግረዋለን። በሌላ በኩል በኅዳር 2008 ዓ.ም. ድርቁ ሲበረታ ኤሌክትሪኩ ሳይጠናቀቅ በናፍጣ ሎኮሞቲቭ እህል ተጓጉዟል። «ይህ ካላለቀ ያ አይጀመርም» ብለን የሳልነው ቀስት ሁሉ የተፈጥሮ ሕግ እንዳልሆነ ይህ ያሳያል። አንዳንዱ ቀስት ግዴታ ነው፤ አንዳንዱ የምርጫችን ውጤት ነው። ችግር ሲመጣ የሚፈታው ሁለተኛው ዓይነት ስለሆነ ዕቅድ ስታወጡ ሁለቱን ለይታችሁ ምልክት አድርጉባቸው።

የእኛ ቀን አቆጣጠርና የሶፍትዌሩ

ወደ ገጹ አናት እንሂድ፤ ወራቱ ወደተጻፉበት። እነዚህ ሶፍትዌሮች በአብዛኛው የሚቆጥሩት በግሪጎሪያን አቆጣጠር ነው። የእኛ የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ በእነርሱ ጁላይ 8 ነው። ሰኔ 30 ሲዘጋ ጁላይ 7 ነው። ስለዚህ በወር ተከፋፍሎ የሚታየው ገጽ የእኛን ወራት ሁሉ መካከላቸው ላይ ይቆርጣቸዋል፤ የወርኃዊ ሪፖርታችንና የሶፍትዌሩ ወርኃዊ ድምር አይገጥሙም።

ከዚህ የረቀቀም አለ። ጳጉሜን ስድስት ቀን በሆነችበት ዓመት ማግስት መስከረም 1 ሴፕቴምበር 11 መሆኑ ቀርቶ ሴፕቴምበር 12 ይውላል፤ ልዩነቱም እስከ የካቲት ይዘልቃል። «ታኅሣሥ 30 ይጠናቀቃል» የሚል ውል በሌላው ዓመት ጃንዋሪ 8 ሲሆን በዚያ ዓመት ጃንዋሪ 9 ነው። የአንድ ቀን ስሕተት ቀላል ይመስላል፤ የመዘግየት ቅጣት በቀን በሚሰላበት ውል ላይ ግን ወደ ክርክር ይወስዳል።

የሥራ ሰዓቱም እንዲሁ ነው። ሶፍትዌሩ ከጠዋቱ 8 ሰዓት ሲል በእኛ 2 ሰዓት ነው። ሳይነካ የቀረ ነባሪ ቅንብር ቅዳሜንና እሑድን ያሳርፋል፤ ግንባታ ቦታዎቻችን ግን ቅዳሜ ይሠራሉ። የዓርብ የቀትር ዕረፍት ለጁምዓ ሰላት ይረዝማል። ረመዳን በየዓመቱ 10 ወይም 11 ቀን ወደፊት እየቀደመ በወቅቶች ሁሉ ስለሚዞር፣ አምና የተዘጋጀን የሥራ ቀን መቁጠሪያ ለዘንድሮ መገልበጥ አይቻልም። መጋላ ውስጥ የሚሠራ ኮንትራክተር ይህን ለማወቅ ሶፍትዌር አያስፈልገውም፤ የቀፊራ ነጋዴም በየትኛው ሰሞን ምን እንደሚፈለግ በልቡ ይዞታል። ችግሩ ዕውቀቱ በሰው ልብ፣ ዕቅዱ በማሽኑ ውስጥ ተለያይተው መኖራቸው ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ተግባር አሞሌ መሳል ሳይሆን የፕሮጀክቱን የሥራ ቀን መቁጠሪያ በትክክል መሙላት ነው።

ደቻቱ የማይጠብቀው ቀን

አሁን ወደ ዋናው ነጥቤ ልምጣ። ደቻቱ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው ይሻገርበታል። በከተማው ጠብታ ሳይወርድ ግን በስተደቡብ ባለው ደጋ የጣለው ዝናብ ድንገት ጎርፍ ሆኖ ይመጣል። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰዎችን እንደገደለና ሺዎችን እንዳፈናቀለ የማያውቅ በመካከላችን የለም። በዚህ ወንዝ ዳርቻ የሚሠራ የመከላከያ ግንብ የመጨረሻ ቀን አለው፤ ቀኑንም የሚወስነው መሥሪያ ቤት አይደለም።

ለማስተማሪያ ያህል አንድ ምሳሌ እናስብ። የመሠረት ቁፋሮ 20 የሥራ ቀን፣ የድንጋይ አቅርቦት 30 የሥራ ቀን፤ ሁለቱ በአንድ ቀን ይጀመራሉ። ሁለቱ ሲያልቁ ግንቡ 60 ቀን፣ ከዚያ ከኋላው የአፈር ሙሌት 15 ቀን ይፈጃል። ወሳኙ መንገድ ድንጋይ፣ ግንብ፣ ሙሌት ነው፤ 30፣ 60 እና 15 ሲደመሩ 105 የሥራ ቀን። ቁፋሮው የ10 ቀን ፋታ አለው፤ ያን ያህል ቢዘገይ መጨረሻውን አይነካም። ድንጋዩ ግን አንድ ቀን ሲዘገይ ሁሉም አንድ ቀን ይዘገያል። የቦታው ሥራ አስኪያጅ ዓይኑን ከቁፋሮው ይልቅ በድንጋይ መኪናዎቹ ላይ ማድረግ እንዳለበት ገጹ በቀይ ይነግረዋል።

በሳምንት ስድስት ቀን ከተሠራ 105 የሥራ ቀን 122 ተራ ቀን ይሆናል። ጥር 20 ከተጀመረ ግንቦት 21 ያልቃል፤ እስከ ሰኔ 30 የ39 ቀን ፋታ ይተርፋል። በዓላቱና የበልጉ ዝናብ የሚወስዱት ከዚህ ፋታ ላይ ነው። የግዥ ሂደቱ 40 ቀን ቢዘገይስ? ሥራው የካቲት 30 ይጀመራል፤ አንድም በዓል ሳይቆጠር መጨረሻው ሐምሌ 1 ይገባል። በጀቱ ተዘግቷል፤ ክረምቱም ገብቷል። ግንቡ ቆሞ ሙሌቱ ከጎደለ ውኃው ከኋላው ገብቶ ይንደዋል። ስለዚህ ግማሽ ግንብ የግማሽ ግንብን ያህል አይከላከልም።

በዚህ ጊዜ ምን ይደረጋል? በየመሥሪያ ቤቱ የታወቀው ልማድ 60ውን ቀን 40 ብሎ መጻፍ ነው። መዳፊቱን ይዞ የአሞሌውን ጫፍ ወደ ግራ መሳብ ሁለት ሰከንድ አይፈጅም፤ ገጹም ወዲያው ይስተካከላል፤ ቀዩ ይጠፋል፤ ሪፖርቱ ያምራል። የተቀየረው ግን ገጹ ብቻ ነው። 60 ቀን 40 የሚሆነው የግንበኛው ቡድን ቁጥር ሲጨምር፣ ግንቡ በሁለት ክፍል ተከፍሎ በአንድ ጊዜ ሲሠራ፣ ወይም ርዝመቱ ሲቀነስ ነው። ከእነዚህ አንዱ በሰነዱ ላይ ካልተጻፈ አሞሌው ያጠረው በሐሳብ ብቻ ነው። ታማኙ መንገድ «በዚህ ዓመት የሚቻለው ይህ ክፍል ነው፤ እርሱን እስከ ሙሌቱ እንጨርስ፤ ቀሪው ከክረምቱ በኋላ» ማለት ነው። ያ ውሳኔ የሚወሰነው የካቲት ላይ ነው፤ ሰኔ ላይ ከሆነ ዘግይቷል። የጊዜ መስመር ዕይታ ትልቁ ጥቅምም ሰኔን በየካቲት ማሳየቱ ነው።

ለተማሪዎች

ከዚህ በመነሣት አራት ነገር አደራ እላችኋለሁ። አንደኛ፣ ዕቅዱ እንደጸደቀ መነሻውን በሶፍትዌሩ ውስጥ አስቀምጡ፤ ቀኑን ስትቀይሩ አሮጌው ከሥር በግራጫ መስመር ይታይ። መነሻው የተደመሰሰ ፕሮጀክት ምንጊዜም «በዕቅዱ መሠረት» እየሄደ ነው። ሁለተኛ፣ «80 በመቶ ተጠናቋል» ስትሉ ከምኑ እንደሆነ ተናገሩ፤ ያለፈው ጊዜና የተሠራው ሥራ የተለያዩ ናቸው። ሦስተኛ፣ የአሞሌውን ርዝመት ቢሮ ተቀምጣችሁ አትገምቱ፤ ግንበኛውን፣ ሾፌሩን፣ የዕቃ ግምጃ ቤቱን ሰው ጠይቁ። አራተኛ፣ ገጹን ለሚመለከተው ሕዝብ በሚያነበው ቋንቋና በሚቆጥረው ቀን አዘጋጁት። በወንዙ ዳር የሚኖሩ የመጋላ እናት ጁላይ 8 ምን እንደሆነ ሊጠየቁ አይገባም፤ «ክረምቱ ሳይገባ ያልቃል ወይስ አያልቅም?» ብለው ሲጠይቁ ግን መልስ ሊያገኙ ይገባል።

አበው «ቀን ሳለ ሩጥ፣ አባት ሳለ አጊጥ» ይላሉ። ቀን እያለ ለመሮጥ ስንት ቀን እንዳለ ማወቅ ይቀድማል። ሶፍትዌሩ ቀኑን ይቆጥርልናል፤ እውነቱን መጻፍ ግን የእኛ ኃላፊነት ነው።