የመታጠፊያ ረድፍ በእንጦጦ ቁልቁለት



ሲቪል ስሪዲ የተሰኘው ሶፍትዌር የሁለት መንገዶችን መካከለኛ መስመርና ከፍታ ተቀብሎ መስቀለኛ መንገዱን፣ የማዕዘን ኩርባውንና የመታጠፊያውን ረድፍ በደቂቃዎች ውስጥ ይስላል። የረድፉን ርዝመት የመወሰን ኃላፊነት ግን የመሐንዲሱ ነው።

ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ የሚወርደውን መንገድ እናስብ። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ተሽከርካሪ፣ በተለመደው የንድፍ ስሌት፣ ፍሬን ከያዘ በኋላ በደልዳላ መንገድ በ28 ሜትር ገደማ ይቆማል፤ በ8 በመቶ ቁልቁለት ግን 37 ሜትር ያህል ይፈልጋል። ለመታጠፍ ተራ የሚጠብቁ ተሽከርካሪዎች የሚሰለፉበት ቦታም በዚህ ላይ ይታከላል።

በአንጻሩ 3.5 ሜትር ስፋት ያለው ተጨማሪ ረድፍ እግረኛውን 3 ሰከንድ ያህል አስፋልት ላይ ያቆየዋል፤ ሸክም ያዘለች እናት ደግሞ ከዚያም በላይ ትቆያለች።

ስለዚህ ተማሪዎቼ፣ ሶፍትዌሩ አስቀድሞ የሚያቀርብላችሁን ቁጥር ከመቀበላችሁ በፊት ቁልቁለቱን ለኩ፤ እግረኛውንም ቁጠሩ።