የሪፈር ወረቀቱ ምን ይላል?
(በማኅበራችን የአባላት ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



እኔ የሒሳብ ሠራተኛ እንጂ የጤና ባለሙያ አይደለሁም። ነገር ግን አባል ለሕክምና አስቸኳይ ብድር ስትጠይቅ የሪፈር ወረቀቱ ከማመልከቻዋ ጋር ተያይዞ ጠረጴዛዬ ላይ ይደርሳል። ሰበታ በጅማ፣ ቡራዩ በአምቦ፣ ሱሉልታ በጎጃም መንገድ ላይ ናቸው። ብዙዎቻችን ከአስፋልቱ ዳር እንነግዳለን፤ ልጆቻችንም አስፋልት ተሻግረው ይማራሉ። ጉዳቱ ከከበደ ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ ጥቁር አንበሳ ወይም ወደ አቤት ሆስፒታል እንላካለን። በዚያ ሰዓት ጥቂት ቃላት ማወቅ ይጠቅመናል።

«ትሮማ» ሲባል ብዙዎቻችን የአእምሮ ጠባሳ ይመስለናል። በድንገተኛ ክፍል ግን በግጭት፣ በመውደቅ ወይም በስለት አካል ላይ የደረሰ ጉዳት ነው። «አርቲኤ» ከተጻፈ የመኪና አደጋ ማለት ነው። ይህ ቃል ለኪሳችንም ያስፈልጋል። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት በተሽከርካሪ የተጎዳ ሰው አስቸኳይ ሕክምና የማግኘት መብት አለው፤ ወጪውም ሕጉ በወሰነው መጠን በመድን በኩል ይሸፈናል። ስለዚህ ከመበደራችሁ በፊት ይህን ጠይቁ።

«ትሪያጅ» ሕመምተኞችን እንደ ጉዳታቸው ክብደት መለየት ነው። ቀይ ምልክት የተሰጠው ቀድሞ ይታያል፤ አረንጓዴ የተሰጠው ይጠብቃል። ከኋላችን የመጣ ሰው ቀድሞን ቢገባ ወረፋ ተሰረቀ ማለት አይደለም።

«ሾክ» በእኛ ወሬ ድንጋጤ ነው። ለሐኪሙ ግን፣ ብዙ ጊዜ ደም ከመፍሰሱ የተነሣ፣ ደም ለሰውነት በበቂ አለመድረሱ ነው። ደሙ ሆድ ውስጥ ሊፈስ ስለሚችል ከውጭ ቁስል ላይታይ ይችላል። ሰውየው ከገረጣ፣ ከቀዘቀዘና ካላበው «ደንግጦ ነው» ብላችሁ ውኃ አታጠጡት፤ ወዲያው ባለሙያ ጥሩ። «ስቴብል» ከተባለ ደግሞ ለጊዜው ተረጋግቷል ማለት እንጂ ድኗል ማለት አይደለም።

«ጂሲኤስ» የሚባለው ለእኔ ሙያ ይቀርባል፤ ድምር ነውና። ዓይን ለመክፈት እስከ 4፣ ለንግግር እስከ 5፣ ለእንቅስቃሴ እስከ 6 ነጥብ ይሰጣል። ከፍተኛው 15፣ ዝቅተኛው 3 ነው። 8 እና ከዚያ በታች ከባድ የጭንቅላት ጉዳትን ያመለክታል። ቁጥሩ ትናንት 14 ሆኖ ዛሬ 11 ከሆነ፣ ሕመምተኛው እየደከመ ነው።

አንዲት አባላችን ልጇ እግሩን ተሰብሮ ለወጌሻ የሚከፈል ብድር ልትጠይቅ መጣች። «ቁስሉ ትንሽ ናት» አለች። ወረቀቱ ላይ «ኦፕን ፍራክቸር» ተብሎ ተጽፏል፤ ክፍት ስብራት ማለት ነው። ተመልሳ ነርሷን እንድትጠይቅ መከርኳት። ነርሷም በዚያች ትንሽ ቀዳዳ ጀርም አጥንቱ ድረስ ሊገባ እንደሚችል፣ በፍጥነት መታጠብና መድኃኒት መጀመር እንዳለበት አስረዳቻት። ልጁ በዚያው ሌሊት ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። እግሩ ተርፏል።

እህቶቼ፣ ሐኪሙን ሦስት ነገር ጠይቁ፦ የተጎዳው የቱ ነው? ዛሬ የሚያሰጋው ምንድን ነው? ቀጥሎ ምን ይደረጋል? ቃሉ ካልገባችሁ በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ እንዲደገምላችሁ ጠይቁ። መጠየቅ ነውር የለውም። የአምቡላንስ ስልክ 907ንም በየቤታችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉ።