እጃችን አይጥ ሲሆን

«ኃይለኛ ውሻ አለ» የሚል ጽሑፍ በየግቢው በር ላይ እናያለን። ስለ ድመት ግን የሚያስጠነቅቅ የለም። እንግዳው ሶፋ ላይ ተደላድሎ ቡናውን ፉት እያለ ሳለ ቁርጭምጭሚቱን ቀጨም! ባለቤቲቱ ትደነግጥና «ውይ በሞትኩት! ስትጫወት ነው እኮ» ትላለች።

እውነቷን ነው፤ ስትጫወት ነው። ችግሩ ድመት ጨዋታ የምትለው ነገር ምን እንደሆነ አለማወቃችን ነው።

እስቲ አንድ ቀን ልብ ብላችሁ እዩዋት። መጀመሪያ ሆዷን ከወለሉ አጣብቃ ታደባለች። የዓይኗ ብሌን ይሰፋል። መቀመጫዋን ወዝወዝ፣ ወዝወዝ ታደርግና ትወረወራለች። በፊት እግሮቿ እቅፍ አድርጋ ትይዛለች፣ በኋላ እግሮቿ ትቧጥጣለች፣ በመጨረሻ ትነክሳለች። አይጥም የምትያዘው በዚሁ መንገድ ነው። «ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ» የተባለው ለሰው ቢሆንም፣ ለራሷ ለድመቷም ይሠራል። እህል ባለበት ቤትና ሱቅ ውስጥ ይህ ዓመል እንጀራዋ ነው፤ እሱን ብለን ነው ያስገባናት። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ በር ተዘግቶባት የምትውለዋ ግን አይጥ ከየት ታምጣ? ቀኑን ሙሉ ተኝታ ትውላለች፤ ሲመሻሽ፣ ድመት ለአደን በምትነቃቃበት ሰዓት፣ እናንተ ከሥራ ትገባላችሁ። በቤቱ ውስጥ የሚንቀሳቀሰው የእናንተ እግር ብቻ ነው። ስለዚህ «ተንኮለኛ ናት»፣ «ቂም ይዛብኝ ነው» የሚለውን ነገር እኔ አልቀበለውም።

ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ያስተማርናት እኛው ነን። ትንሽ ሳለች ጣታችንን እያወዛወዝን «ያዢው! ያዢው!» እንላታለን። ያኔ ጥርሷ መርፌ ቢያክልም አቅም ስለሌላት ያስቃል። ሦስትና አራት ወር ሲሆናት 26ቱ የወተት ጥርሶቿ መውለቅ ይጀምሩና በ30 ቋሚ ጥርሶች ይተካሉ። በዚያ ጊዜ ድዷን ስለሚበላት ያገኘችውን ሁሉ ታኝካለች። ጨዋታው ያው ነው፤ ክራንቻው ግን ሌላ ነው። ያን ጊዜ እኛ መቆጣት እንጀምራለን፤ እሷ ደግሞ ትናንት ያስጨበጨበላት ነገር ዛሬ ለምን እንደሚያስመታት አይገባትም።

የንክሻን ልክ የምታስተምራት እናቷና አብረዋት የተወለዱት ናቸው። አጥብቃ ስትነክስ እህቷ ወይ መልሳ ትነክሳታለች፣ ወይ ጥላት ትሄዳለች፤ ጨዋታውም ያበቃል። እኛ ሰፈር ግን ዓይኗን ገልጣ መራመድ ከጀመረች ለጎረቤት ትታደላለች። ቢያንስ ሁለት ወር፣ ቢቻል ሦስት ወር ከእናቷ ጋር ብትቆይ ብዙ ጣጣ ይቀራል።

ታዲያ ስትነክስ ምን ይደረግ? እጅን መንጠቅ አይገባም፤ ሸሽቶ የሚሄድ ነገር ለእሷ አደን ነው፣ ጭራሽ ታጠብቃለች። እጃችሁን ዝም አሰኙት። ስትለቅ ሳትጮኹ ተነሥታችሁ ሂዱ። መምታት ፈጽሞ አይረዳም፤ ፍርሃት ታተርፋላችሁ፣ የፈራች ድመት ደግሞ የምትነክሰው ከልቧ ነው። የቤቱ ሰው ሁሉ በዚህ ይስማማ። እናት ከልክላ አጎት በእጁ የሚያጫውታት ከሆነ ልፋቱ ከንቱ ነው።

አደኑን ግን ስጧት። ረዘም ያለ እንጨት ጫፍ ላይ ላባ ወይም አሮጌ ካልሲ በክር አስሩና አይጥ እንደሚሄደው ሶፋ ሥር ለሥር ጎትቱት። አንዳንዴ ትያዘው፤ ምንም ያልያዘች አዳኝ ትበሳጫለች። በእንግሊዝ አገር ሣራ ሆልና ጆን ብራድሾ እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጡት ጥናት፣ የተራበች ድመት ከጠገበችው የበለጠ እንደምትጫወት አሳይተዋል። እንግዲህ ማጫወቱ ከእራቷ በፊት ይሁን። አድና፣ በልታ፣ ራሷን ልሳ ትተኛለች፤ እናንተም የሌሊት እግራችሁን ታተርፋላችሁ። ያው አንድ መጫወቻ ስለሚሰለቻት የሃይላንድ ክዳኑን፣ የተጨማደደውን ወረቀት እየለዋወጣችሁ አቅርቡላት። ክሩን ግን ከጨዋታ በኋላ አንሱት። የድመት ምላስ ላይ ወደ ጉሮሮ ያዘነበሉ እሾሆች ስላሉ የገባ ክር ለመትፋት ይቸግራታል፤ ከዋጠችው አንጀቷን ሊቆርጠው ይችላል።

እየደባበሳችኋት የምትነክሰዋ ሌላ ናት። እሷ «በቃኝ» እያለች ነው፤ ሳትነክስም በፊት ብላዋለች። ጅራቷ ይወራጫል፣ የጀርባዋ ቆዳ ይንቀጠቀጣል፣ ጆሮዋ ወደ ኋላ ይተኛል። ያን ስታዩ እጃችሁን አንሱ። ሆዷን ገልብጣ ስታሳይ ደግሞ ሁልጊዜ «እከኩኝ» ማለቷ አይደለም። ነክሳ የማታውቅ ድመት ድንገት ተናካሽ ከሆነች የሚያማት ነገር ሊኖር ስለሚችል ለእንስሳት ሐኪም አሳዩዋት።

አንድ ነገር ግን አደራ። የድመት ክራንቻ ቀጭን ስለሆነ ቁስሉ ከላይ ነጥብ መስሎ ከውስጥ ጥልቅ ነው፤ በተለይ እጅ ላይ በቶሎ ይመረቅዛል። የእብድ ውሻ በሽታም በውሻ ብቻ አይተላለፍም፤ ድመትም ታስተላልፋለች፣ ምልክቱ አንዴ ከታየ ደግሞ መዳን የለም ማለት ይቻላል። ድመታችሁን አስከትቡ። የነከሰቻችሁ የማታውቋት ወይም ያልተከተበች ከሆነች ቁስሉን በሚፈስ ውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ እጠቡና፣ ነገ ሳትሉ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱ።