የውቅያኖስን ዝውውር በኮምፒዩተር ለማስላት ለሚነሣ መሐንዲስ



የውቅያኖስን ዝውውር ለማስላት የሚነሣ መሐንዲስ አብዛኛውን ጊዜ የሚቸኩለው በስም ወደሚያውቀው ባሕር ነው። ቀይ ባሕርን በመረብ ይከፋፍላል፤ ነፋሱን፣ ሙቀቱንና ጨዋማነቱን ይሞላል፤ ፕሮግራሙንም ያስነሣል። ሥዕሉ ያምራል። ነገር ግን ጨዋማው ውሃ ወደ ኤደን ባሕረ ሰላጤ የሚወጣው በሐኒሽ ደሴቶች አጠገብ፣ ጥልቀቱ 137 ሜትር ያህል በሆነ የባሕር ውስጥ ደፍ ላይ ተሻግሮ ነው። መረቡ ሰፊ ሲሆን የወለሉ ጥልቀት በአማካይ ስለሚወሰድ ደፉ ሊጠፋ ይችላል፤ ፕሮግራሙ ግን አንዳች ሳያጉረመርም ሥሌቱን ይቀጥላል።

ስለዚህ መነሻው መልሱ አስቀድሞ የታወቀ ባሕር ሊሆን ይገባል። በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የተሠራውና በነጻ የሚገኘው ኤም አይ ቲ ጂ ሲ ኤም የተባለ ፕሮግራም እንዲህ ያለ መልመጃ አለው፤ ይኸውም ጎኑ 1,200 ኪሎሜትር፣ ጥልቀቱ 5,000 ሜትር የሆነ፣ ወለሉ ዝርግ፣ በ20 ኪሎሜትር የተከፋፈለ ገንዳ ነው። ከላይ ነፋስ ብቻ ይነፍስበታል። ሄንሪ ስቶመል እ.ኤ.አ. በ1948 እንዳስረዳው፣ በምድር ሽክርክሪት የሚመጣው ኃይል ከኬክሮስ ጋራ ስለሚለዋወጥ ብርቱው ጅረት በምዕራቡ ዳር መታየት አለበት። ካልታየ በአሞላሉ ስሕተት አለ።

ጀማሪውን ከሁሉ ይልቅ የሚያሰናክለው የጊዜው እርምጃ ነው። በዚህ ጥልቀት የገጽ ሞገድ በሴኮንድ 220 ሜትር ያህል ይሮጣል፤ አንዱን የመረብ ክፍል በ90 ሴኮንድ ገደማ ይጨርሳል። ኩራንት፣ ፍሪድሪክስና ሌዊ እ.ኤ.አ. በ1928 ባወጡት ደንብ መሠረት፣ ቀጣዩን ቅጽበት ካለፈው ቅጽበት ብቻ የሚያሰላ ሰው እርምጃውን ከዚህ ማሳነስ አለበት፤ አለዚያ ሥሌቱ ይፈርሳል። ኪርክ ብራያን እ.ኤ.አ. በ1969 ባሳተመው ዘዴ ባሕሩን እንደ ድስት ከድኖ ይህን ሞገድ አስወገደው። መልመጃው ግን ክዳኑን አንሥቶ የገጹን ከፍታ ለመላው ገንዳ በአንድነት ስለሚፈታ በ1,200 ሴኮንድ ይራመዳል።

የፈረሰ ሥሌት እንኳ ራሱን ያጋልጣል። የሚያስፈራው ዝም የሚለው ስሕተት ነው። በመልመጃው የውሃው የጎን ሰበቃ በሴኮንድ 400 ካሬ ሜትር ነው፤ ይህም ለምዕራቡ ጅረት 120 ኪሎሜትር ያህል ስፋት፣ ማለትም ስድስት የመረብ ክፍል ይሰጠዋል። ሰበቃው ወደ 10 ዝቅ ቢል ጅረቱ ከሁለት ክፍል ያነሰ ቦታ ይቀረዋል፤ ያን ጊዜ በዳሩ የሚታየው መዥጎርጎር የባሕር አዙሪት ሳይሆን የመረቡ ጉድለት ነው። ጀማሪው ቁጥሩን ሆን ብሎ ዝቅ አድርጎ ይህን አንድ ጊዜ በዓይኑ ይመልከት። ወደ ቀይ ባሕር ሲመለስም፣ ነፋሱን ከመሙላቱ በፊት በሐኒሽ አጠገብ ያሉትን የመረብ ክፍሎች ጥልቀት አንድ በአንድ ያንብብ።